ለምለም ወር፣ ባዶ ጎተራ

የአዲስ አበባ ብርድ ሁለት ነው። አንደኛው የሌሊት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ይጠራል፤ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊቱን ሁሉ ወደ ላይ ታወጣዋለች፤ ሲነጋ ጣት ይቆረጥማል። ረፋድ ላይ ግን ፀሐይ ተሞቆ ጋቢ ይወልቃል። ሁለተኛው የቀን ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሙቀቱን ስለሚይዝ ሌሊቱ ያን ያህል አይከፋም፤ ቀኑ ግን ሳይሞቅ ይመሻል፤ እርጥበቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ሳይቀር ይገባል። የመጀመሪያውን ብርድ ፀሐይ ታስታግሰዋለች፤ ሁለተኛውን የሚያስታግሰው ከሰል ነው።

እዚህ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው፤ የማየውም ከአብነት ሰፈር፣ ከአንድ ግቢ ጓሮ ሆኜ ነው። ግቢው የልደታ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ነው፦ አንድ ዋና ቤት፣ በጎኑ የተደረደሩ ሰርቪሶች፣ የጋራ ቧንቧ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ካደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ብዙ እንዲህ ያሉ ግቢዎች የአንድ ቤተሰብ መሆናቸው ቀርቶ የብዙ ሆነዋል። ጓሮውም አብሮ ተከፋፍሏል። ጎመኑ የአንዱ ነው፣ ጌሾው የሌላው፤ ጤና አዳሙ ግን ቡና ያፈላ ሁሉ ነው። መሬት ያልደረሰው በዘይት ቆርቆሮና አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ያበቅላል፤ ዳማከሴው፣ ጠጅ ሳሩ፣ በሶብላውና ኮሰረቱ እዚያ አሉ። ከዚህ ጠባብ ቦታ ላይ ሆኖ ክረምትን ማየት የራሱ ጥቅም አለው፤ እያንዳንዱ ነገር ከማን ቤት ተነሥቶ ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ይታያል።

ክረምት ሲባል ለብዙ ሰው የሚመጣለት የፀሐይ መራቅ ነው። በሰሜኑ ዓለም ነገሩ እውነት አለው፤ ስቶክሆልም ያለ ዘመዳችን በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይን የሚያገኛት በቀን ለ6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ በዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ነው። ፀሐይም ከአናታችን በላይ የምትቆመው በክረምት ነው። ከሚያዝያ 5 አካባቢ ጀምሮ እስከ ነሐሴ 24 አካባቢ ድረስ ቀትር ላይ ትንሽ ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ትውላለች። በሐምሌ ቀትር ደመናው ድንገት ሲከፈት የገመዱ ምሰሶ ጥላ አጥሮ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በታኅሣሥ ደግሞ ፀሐይ ወደ ደቡብ ወርዳ በሰያፍ ነው የምታየን፤ ጥላው ወደ ሰሜን ይረዝማል። ደምቃ በምትታይበት ወር ዝቅ ብላለች፤ በማትታይበት ወር አናታችን ላይ ናት።

ደመናውንም የሚጠራው ይኸው አናት ላይ መቆሟ ነው። የዝናቡ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ እሷን ተከትሎ ወደ ደቡብ ይመለሳል። የጋረዳት ነገር የራሷ ሙቀት ያስነሣው ነው። ከዚህ ተነሥቶ ያልታየ ሁሉ የለም ማለት እንዳልሆነ መናገር ይቻላል፤ ደግሞም እውነት ነው። ግን ቀላሉ ትምህርት ይህ ነው። እዚህ ላይ የሚቆም ሰው ክረምትን መጽናኛ ብቻ አድርጎት ይቀራል፤ ጓሮው ደግሞ ከመጽናኛ የሚከብድ ነገር ያሳያል።

ውሃውን እንይ። የከተማዋ የዓመት ዝናብ 1200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ክዳን በዓመት 48000 ሊትር ውሃ ያርፍበታል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 2400 ጀሪካን ነው። በዚያው ግቢ ቧንቧው በፈረቃ ይመጣል፤ ቢጫዎቹ ጀሪካኖች ሐምሌም ቢሆን ከቧንቧው ሥር ይሰለፋሉ። አሸንዳ ያለው ቤት በርሜሉ ሞልቶ ይተርፋል። አሸንዳ የሌለው ቤት ያው ውሃ በግድግዳው ሥር ይገባበታል፤ ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ልስኑ ያብጣል፣ ከዚያ ይረግፋል። ዝናቡም ክዳኑም አንድ ነው፤ አንዱን በረከት ሌላውን ጉዳት ያደረገው ጫፍ ላይ የታጠፈ ቆርቆሮ ነው። ያም ቆርቆሮ የሚገዛው በገንዘብ ነው።

ከግቢው የወጣው ውሃ ወደ አቃቂ ይወርዳል፣ ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ ወደ አዋሽ። አዋሽ ቆቃን አልፎ የወንጂን ሸንኮራ ያጠጣል፤ አፋርን አቋርጦ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ባሕር አይደርስም። ስለዚህ ሐምሌ ከዚህ ጓሮ የሚያጥበው አፈር አገር ውስጥ ነው የሚቀረው፤ ግን ሊበቅልበት በሚችልበት ቦታ አይደለም። ቆቃ ሐይቅ ከዓመት ዓመት በደለል ከሚሞላባቸው ምክንያቶች አንዱ ከእርሻውም ከከተማውም እየታጠበ የሚወርደው ይህ አፈር ነው። አብቃዩ ዝናብ የሚበቅልበትንም ይወስዳል። ሣር ያለበት ዳርቻ፣ የጠጅ ሳር ረድፍ፣ የጌሾ ሥር ባለበት አፈሩ ይያዛል፤ ለውበት ብሎ ጓሮውን ባዶ አድርጎ የጠረገ ሰው ግን አፈሩን ለአዋሽ ሸኝቶታል።

የሚበቅለውም ቢሆን ሁሉ አይድንም። ሥር ይተነፍሳል፤ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለውን አየር ይፈልጋል። ውሃ ያንን ክፍተት ሲሞላው ተክሉ በውሃ መካከል ቆሞ ይጠወልጋል፤ ሲያዩት የተጠማ ይመስላል። ይህን ያልተረዳ ሰው ደግሞ ይጨምርበታል። ገበሬ መረሬ መሬት ላይ ቦይ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ድንች በክረምት የባሰ ነው፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገናኙ በሽታ ይገባበትና ቅጠሉ ጠቁሮ ይወድቃል፣ አንዳንዴ ከመሬት በታች ያለውም ይበሰብሳል። ይህ በሽታ በ1845 እ.ኤ.አ. አየርላንድ ገባ። አየርላንድ በረዶዋ ጥቂት፣ ክረምቷ ልዝብ የሆነ አገር ናት፤ በሽታውን ያመቸውም ይህ ለስላሳና እርጥብ አየር ነበር። በተከተሉት ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ። በዚያው ጊዜ እህልና ከብት ከአየርላንድ ወደቦች እየተጫነ ወደ እንግሊዝ ይሄድ ነበር። የለዘበ አየር የለዘበ ዕጣ ማለት አይደለም። ውርጭ የሚገድለው ፊት ለፊት ነው፤ ዝናብ የሚገድለው እያጠጣ ነው።

ከአጥሩ ሥር ደግሞ ማንም ያልዘራው ቅጠል በሐምሌ ይወጣል። ለማያውቀው ሰው ከሌላው አረም የሚለየው ነገር የለም። ስናርም ከግቢያችን ትልቅ እናት አጠገብ ነበርኩና «እማማ፣ ይሄስ ይነቀል?» አልኳቸው። «ኧረ ተው ልጄ፣ አደይ እኮ ነው» አሉኝ፤ «አሁን ማንም አያውቀውም፣ መስከረም ሲጠባ ግን ሁሉም የኔ ነው ይለዋል።» አደይ አበባን በመስከረም ማወቅ ዕውቀት አይደለም፤ ቢጫው ራሱ ይናገራል። ዕውቀት በሐምሌ ቅጠሉን ለይቶ እጅን መመለስ ነው። እሳቸው ይህን ያገኙት በተስፋ ብዛት አይደለም፤ ጎንበስ ብለው ለዓመታት ስላረሙ ነው። ተስፋና ዕውቀት እዚህ ላይ ይገናኛሉ፦ ያልመጣውን የሚያምን ሰው፣ ለማመኑ ቅጠል ሊያሳይ ይችላል።

ቤተ ክርስቲያን ክረምትን የምታነብበት መንገድም ለዚህ ቅርብ ነው። ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ይገባል፣ መስከረም 25 ይወጣል። በመካከሉ በክፍል በክፍል ተሰድሯል። መጀመሪያ ዘርና ደመና ይታሰባሉ። ከሐምሌ 19 ጀምሮ መብረቅ፣ ነጎድጓድ፣ ባሕር፣ ወንዞችና ጠል ይከተላሉ። ከነሐሴ 10 ጀምሮ የቁራ ጫጩቶች፣ ደሴቶችና ዓይኑን አንሥቶ ምግቡን የሚጠብቅ ፍጥረት ሁሉ ይነሣሉ። ነሐሴ 28 ላይ ጎሕ፣ ነግህ፣ ጽባሕና ብርሃን ይጀምራሉ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። ዘር ከነጎድጓድ ይቀድማል፤ መጀመሪያ የሰው እጅ አለ፣ ከዚያ የሰማይ ድምፅ። የረሃብተኛው ጫጩት መታሰቢያ ደግሞ የሚመጣው ምድር ከመቼውም ይልቅ በለመለመችበት በነሐሴ አጋማሽ ነው። ይህን የሠሩት ሊቃውንት ዘመኑን ያዩት ከመስኮት ሆነው አይደለም። ነሐሴ ውስጥ አረንጓዴና ረሃብ አንድ ላይ እንደሚኖሩ ያውቁ ነበር።

ጎሕ የተባለው ክፍል በሚገባበት ሰሞን ፀሐይ አናታችንን ተሻግራ ወደ ደቡብ ታልፋለች። መገጣጠሙ ታስቦ የተደረገ ነው አልልም። የሚገርመኝ፣ ብርሃን የሚታወጀው ዝናቡ ገና ሳያባራ መሆኑ ነው። ቡሄም እንዲሁ ነው። ነሐሴ 13 ጅራፍ ይጮኻል፣ ሙልሙል ይታደላል፣ ሰውም «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፤ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይላል። በማግሥቱ ግን እንደ ትናንቱ ይዘንባል፤ ነሐሴ ከዓመቱ እርጥብ ወራት አንዱ ነውና። ተረቱ ተሳስቷል ወይ? አልተሳሳተም፤ ስለ ዝናብ እያወራ አይደለም። ዶሮ ሲጮኽ ሰማዩ ጨለማ ነው። የጠፋው ጨለማው ሳይሆን ጥርጣሬው ነው። አንድ ነገር አበቃ የሚባለው የሚተካው መጀመሩ ሲረጋገጥ ነው፤ ቀሪው ጊዜን ይወስዳል እንጂ ውጤቱን አይለውጥም። ለዚህ ግን ዶሮው መጮኽ አለበት። ዶሮ ያልጮኸበትን ሌሊት «ነግቷል» የሚል ሰው ከተረቱ ጋር አይደለም።

አሁን ወደ ጎተራው እንምጣ። ጤፍ በሐምሌ ይዘራል፣ በነሐሴ ይታረማል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ካምናው መኸር የተረፈው ደግሞ በዚሁ በሐምሌና በነሐሴ ነው የሚያልቀው። ከሰበታ አልፎ ወደ በቾ ሜዳ የሚሄድ መንገደኛ በነሐሴ የሚያየው አረንጓዴ ዓይን ያጠግባል፤ በብዙ ገበሬ ቤት ግን የዓመቱ ከባድ ወር ያ ነው። ለዕርዳታ ሠራተኞች «አረንጓዴ ረሃብ» የሚለው አነጋገር እንግዳ አይደለም። እድገትና ጥጋብ በአንድ ወር አይገናኙም። ይህ የአየር ጠባይ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም፤ የሚያድግ ነገር ሁሉ የሚያድግበትን ከሆነ ቦታ መውሰድ አለበት። በሐምሌ በገበሬው ቤት የሚገኘው የመጨረሻ እህል ዘር ነው። ልጆቹ እያዩት ከቤት አውጥቶ ጭቃ ላይ ይበትነዋል። ክረምት የሚጀምረው በዝናብ ሳይሆን በዚህ ውሳኔ ነው ብል ማጋነን አይደለም። ዝናብ ያለ ዘር ቢወርድ የሚያበቅለው አረም ነው።

በዚህ ወር ከሕጉ ወጣ ያለው ጎመን ነው። ጎመን እያደገ ይበላል። የታችኛው ቅጠል ሲቀነጠስ የላይኛው ይቀጥላል፤ ሳይነቀል፣ ሳይታጨድ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ድስት ይይዛል። ከጎተራ ወደ ጎተራ የሚያሻግረን እሱ ነው። የሚከፈለው ምስጋና ግን የታወቀ ነው። ዘመን ተለውጦ አዲሱ ገብስ ሲደርስ «ጎመን ውጣ፣ ገንፎ ግባ» ይባላል። ልጅ ሆነን በደስታ ያልነው ነው። ሳስበው ጭካኔው ይታየኛል፤ ባወጣን ነገር ላይ በር መዝጋት ነው። ከጎመኑ ጋር የምናስወጣው የተራብንበትን ትዝታ ነው፤ መስከረምን ከሰማይ የወረደ ስጦታ ለማስመሰል ሐምሌን መርሳት ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ስለ አደይ አበባ ብዙ የተዘፈነው፣ ስለ ጎመን ግን ያን ያህል ያልተዘፈነው። የሐምሌን ሥራ የረሳ ሕዝብ መስከረም በየዓመቱ በራሱ የሚመጣ ይመስለዋል። ሐምሌን ለማለፍ ብቻ የሚጠብቅ፣ መስከረምን ለማግኘት የሚያርመውን አያርምም።

ክረምትን ከደረቅ ቤት ሆኖ ማሰላሰል ይቀላል። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የሚተኛም አለ፣ ድስትና ሣፋ እየደረደረ የሚያድርም አለ። በወንዝ ዳር የተሠራ ቤት ውስጥ ያለ ሰው የሌሊቱን ዝናብ የሚያዳምጠው ለጥበብ አይደለም። ስለዚህ «ክረምት ነው፣ ያልፋል» የሚለው አነጋገር ማን ለማን እንደተናገረው ይወሰናል። ገበሬ ለራሱ ቢለው እውነት ነው፤ ዘሩን ያጎደለው ከገዛ ጎተራው ነው፣ የሚራበውም እሱ ነው፣ ኅዳር ላይ የሚያጭደውም እሱ ነው። መጠበቁም ቁጭ ብሎ አይደለም፤ ነሐሴን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ያርማል፣ የሚጠብቀውም በየቀኑ ስንት ጣት እንዳደገ ሄዶ ያየዋል። ትዕግሥቱ ማስረጃ አለው። የአየርላንድ ገበሬ ግን እንዲታገሥ የተጠየቀው እህሉ በመርከብ እየሄደ ነበር። ረሃቡ የአንዱ፣ አዝመራው የሌላው በሆነበት ቦታ መጠበቅ ክረምት አይባልም።

የእኛ ዘመን ሰውን «ታገሡ» ማለት ያበዛል። ለሠራተኛው ስለ ደመወዙ ይባላል፣ ሰፈሩ ለልማት ለሚፈርስበት ስለ ምትክ ቤቱ፣ ለወጣቱ ስለ ሥራው። ክረምት የትዕግሥት ሁሉ ምስክር ተደርጎ ይጠራል። ጓሮው ግን ለሁሉ አይመሰክርም። ትዕግሥትን አልቃወምም፤ ያለ እሱ ከሐምሌ ወደ መስከረም የሚያደርስ መንገድ የለም። የምቃወመው ዘር ያልወደቀበትን ጭቃ ማሳ ብሎ መጥራትን ነው። እንድንጠብቅ የሚጠይቀን ሰው ሲመጣ፣ ምን እንደተዘራ፣ ዘሩም ከማን ጎተራ እንደጎደለ ልንጠይቀው መብታችን ነው። ቅጠሉን ካሳየን አብረነው እናርማለን፣ ጎመንም እየበላን ኅዳርን እንጠብቃለን። የሚያሳየው ከሌለ ግን የተጠየቅነው ትዕግሥት ሳይሆን ዝምታ ነው፤ ዝምታ ደግሞ በየትኛውም ወር ቢዘራ አይበቅልም።